ኮርኒንግ እና የ2001 የፋይበር ውድቀት፦ ዛሬ የፋይበር ሼር ለሚገዛ ሰው የተጻፈ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይሄን ጉዳይ እንደመረጥኩ

ሰሞኑን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው የፋይበር ሼር ነው፣ ፋይበር ማለት የኢንተርኔቱን መረጃ በብርሃን የሚያስኬድ ቀጭን የመስታወት ክር ነው። ኤአይ ዳታ ሴንተር ይፈልጋል፣ ዳታ ሴንተር ፋይበር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፋይበሩንና ዕቃውን የሚሠሩትን ኩባንያዎች ቶሎ ያዝ እየተባለ ብዙ ወገን ያጠራቀመውን እያስገባ ነው፣ በተለይ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች አሽበርን በኩል በነዳን ቁጥር አዲስ ዳታ ሴንተር ቆሞ ስለምናይ ነገሩ በዓይናችን የተረጋገጠ ይመስለናል። ፍላጎቱ የለም አልልም፣ አለ። ግን የዛሬ 25 ዓመት አካባቢም ፍላጎቱ ነበረ፣ የኢንተርኔት ትራፊክ፣ ማለትም በኔትወርኩ የሚያልፈው መረጃ፣ ያኔም በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ በዓለም አንደኛ የነበረው ፋይበር አምራች ኪሳራ አፋፍ ደርሶ ነው የተረፈው። ይሄ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ያልገባው ሰው ገንዘቡን እዚህ ዘርፍ ውስጥ ባያስገባ እመርጣለሁ፣ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

ጉዳዩ የኮርኒንግ ነው። ከ1998 እስከ 2005 ያለውን በዝርዝር፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ አያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ገንዘቡም የአሜሪካ ዶላር ነው። የኃላፊዎቹን ስም ትቼ በሥራ ድርሻቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥም ያኔ ከዚህ ብዙ የተለየ ነገር የሚያደርግ አይመስለኝም።

ኩባንያው ከየት ተነሳ

ኮርኒንግ ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ስሙን ያገኘባት ትንሽ ከተማ ላይ የተቀመጠ የመስታወት ኩባንያ ነው፣ አመሠራረቱ 1851 ነው። ለኤዲሰን አምፖል መስታወቱን የሠራው እሱ ነው፣ ብዙ ቤት የሚታወቀው የፓይሬክስ ዕቃም የእሱ ነበር። በ1970 ሦስት ተመራማሪዎቹ ብርሃን ብዙም ሳይባክንበት ርቆ የሚሄድበትን የመጀመሪያ ፋይበር ሠሩ፣ የዚያን ጊዜ ፈተናው ብክነቱን በኪሎሜትር ከ20 ዴሲቤል (የብርሃን ብክነት መለኪያ ነው) በታች ማውረድ ነበር፣ እነሱ ወደ 17 አወረዱት። ገበያ እስኪገኝለት ግን ከ10 ዓመት በላይ ጠብቀዋል፣ በሩን የከፈተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ ኤምሲአይ ለረጅም ርቀት ስልክ መስመሩ ያዘዘው 100 ሺህ ኪሎሜትር ነው።

ፋይበር እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል፣ በኋላ የሚመጣውን ኪሳራ ለመረዳት ያስፈልጋል። ኬሚካሉ በእሳት ነበልባል ውስጥ ሲያልፍ ነጭ የመስታወት ብናኝ ይሆንና በሚሽከረከር ዘንግ ላይ እየተነባበረ ይጠራቀማል። ያ ብናኝ ምድጃ ገብቶ ሲጠብቅ ጥርት ያለ ወፍራም የመስታወት ግንድ ይወጣዋል። ግንዱን ብዙ ፎቅ ከፍታ ባለው ማማ አናት ላይ ይሰቅሉታል፣ ጫፉ 2000 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ምድጃ ይቀልጥና ክር ሆኖ እየተመዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፣ እየወረደም ስስ ፕላስቲክ ይለብሳል፣ ታች ሲደርስ ይጠቀለላል። የመስታወቱ ውፍረት 125 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ነው፣ ብርሃኑ የሚሄድበት መሀሉ ደግሞ 9 ማይክሮን እንኳን አይሞላም። ልብ በሉ፣ ምድጃውም ማማውም ገና አንድ ሜትር ሳይሸጥ ትልቅ ገንዘብ ይበላሉ፣ ፋብሪካ ለማስፋትም ጊዜ ይወስዳል፣ አንዴ ከቆመ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎሜትር ርካሽ ነው። ስለዚህ ገበያው ሲደራ ዕቃ ይጠፋል፣ ዋጋ ይወጣል፣ ሁሉም አምራች ያስፋፋል፣ የሁሉም ማስፋፊያ ደግሞ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ዘርፉ ዛሬም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

በ1998 ኩባንያው የማዕድ ቤት ዕቃ ሥራውን ሸጦ ፊቱን ወደ ቴሌኮም አዞረ። ያኔ ብልህ ውሳኔ ነው ተብሎ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ለሚያየው ሰውም ሌላ ለማለት ይከብዳል።

ገበያው እንዴት ጦዘ

አሜሪካ በ1996 ባወጣችው የቴሌኮም ሕግ ገበያው ለአዳዲስ ገቢዎች ተከፈተ። በየባቡር ሐዲዱ ዳር፣ በየአውራ ጎዳናው፣ በየባሕሩ ሥር ፋይበር የሚቀብሩ ድርጅቶች ፈሉ፣ አብዛኞቹ ገንዘቡን ያገኙት በቦንድና ገና ትርፍ ሳያዩ በሸጡት ሼር ነው። ለሁሉም ማሳመኛ የሆነችው አንዲት አባባል ነበረች፣ የኢንተርኔት ትራፊክ በየ100 ቀኑ እጥፍ ይሆናል የምትል። በ1998 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ሪፖርት ላይ ሳይቀር ገብታለች። በየ100 ቀኑ እጥፍ ማለት ሲሰላ በዓመት ከ12 ጊዜ በላይ ማደግ ነው። በዚያው ጊዜ የኤቲ ኤንድ ቲ ተመራማሪዎች እውነተኛውን ትራፊክ ለክተው ዕድገቱ በዓመት እጥፍ አካባቢ መሆኑን ጽፈዋል፣ በግልጽ ታትሟል፣ ማንም ሊያነበው ይችል ነበር። በዓመት እጥፍ ራሱ እኮ ትልቅ ዕድገት ነው፣ ግን 2 ጊዜና 12 ጊዜ ሦስት አራት ዓመት ሲደራረብ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ የተቀበረው ለ12ቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፣ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። በ1990ዎቹ ዲደብሊውዲኤም የሚባል ቴክኖሎጂ መጣ፣ አንዱ ፋይበር ውስጥ የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን አንድ ላይ እየላከ በፊት አንድ ቻናል ይሸከም በነበረው ክር ላይ 40፣ 80 ከዚያም በላይ ያሳልፋል። ይሄን የሚያስችሉት ኮምፖነንቶቹ ናቸው፦ ቀለሞቹን የሚለዩ ፊልተሮች፣ ብርሃኑን መንገድ ላይ የሚያጎለብቱ አምፕሊፋየሮች፣ ለአምፕሊፋየሩ ጉልበት የሚሰጡ ፓምፕ ሌዘሮች። እንግዲህ ኮምፖነንቱ በተሻሻለ ቁጥር ለዚያው ትራፊክ የሚያስፈልገው አዲስ ፋይበር ያንሳል። ኮርኒንግ ሁለቱንም ይሸጥ ነበር። የአንዱ ሥራው ዕድገት የሌላውን ገበያ ይበላ ነበር ማለት ነው፣ ገንዘብ እንደልብ በነበረበት ሰሞን ግን ሁለቱም ላይ የወጡ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

በ2000 ኩባንያው በግዢ ላይ ግዢ ጨመረ። የፓምፕ ሌዘር አምራች የነበረውን ኦክ ኢንደስትሪስን 1.8 ቢሊዮን በሚሆን ሼር ገዛ፣ ፊልተር የሚሠራውን ኔትኦፕቲክስን 2 ቢሊዮን በሚጠጋ ሼር ገዛ፣ ከዚያ የጣሊያኑን የፒሬሊን የኦፕቲክስ (የብርሃን ዕቃ) ኮምፖነንት ክፍል ወደ 3.6 ቢሊዮን በሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ ወሰደ። የዚያ ዓመት ጠቅላላ ሽያጩ 7.1 ቢሊዮን ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላዩ ከቴሌኮም የመጣ ነው። የሼሩ ዋጋ ጣራ ነክቶ፣ በኋላ የመጣውን የሼር ክፍፍል፣ ማለትም አንዱ ሼር ወደ ብዙ መከፈሉን፣ አስልተን ካየነው፣ 113 ዶላር አካባቢ ደረሰ። የኩባንያው ሠራተኛና ጡረተኛ ሳይቀር ያለውን በዚያው ሼር የያዘበት ጊዜ ነው።

ችግሩ

መጀመሪያ የታመመው ኮምፖነንቱ ነው፣ በ2001 መጀመሪያ ወራት። ፋይበሩ ግን እስከ ዓመቱ አጋማሽ ይሸጥ ነበር፣ ኃላፊዎቹም ፋይበሩ ይሸከመናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ይሄ ቅደም ተከተል እንዲሁ የመጣ አይደለም። ኮምፖነንት የሚገዛው መስመሩ ሊበራ ሲል ነው፣ ፋይበር ግን ቀድሞ በተፈረመ የግንባታ ውል ስለሚቀበር የግንባታው ገንዘብ እስኪያልቅ መሸጡን ይቀጥላል። የኮምፖነንት ትእዛዝ ሲቆም ፋይበሩንም የሚያበራው የለም ማለት ነው፣ ወሬው ፋይበር ፋብሪካ እስኪደርስ ብቻ ነው ትንሽ የሚቆየው።

ለምን በአንድ ጊዜ ደረቀ? አንደኛ፣ ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ደንበኞች እንዳያልቅባቸው አንዱን ዕቃ ከሁለት ሦስት አምራች አዘው ነበር፣ ስለዚህ አምራቾቹ የያዙት የትእዛዝ ክምር ከእውነተኛው ፍላጎት የበለጠ ነበር። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ የኔትወርክ ዕቃ አቅራቢዎች ለአዳዲሶቹ ቴሌኮሞች ዕቃውን መግዣ ራሳቸው ያበድሩ ነበር፣ ባጭሩ በዱቤ ይሸጡ ነበር። መርካቶ ያለ ጅምላ ነጋዴ ለቸርቻሪው ሁሉ በዱቤ ሲበትን የዚያን ወር ሽያጩ ያምራል፣ ቸርቻሪው ጋ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ያለውን ግን ገዢ ገና አልነካውም፣ እዚህም የሆነው ያ ነው። ሦስተኛ፣ የተቀበረው ፋይበር አብዛኛው ጨለማ ነበር፣ ማለትም ጫፉ ላይ ሌዘር ያልተገጠመለት፣ የሚያበራው ደንበኛ ያልመጣለት። ቦንድ ገዢው ፊቱን ሲያዞር እነዚህ ቴሌኮሞች ተራ በተራ ወደቁ፣ ግሎባል ክሮሲንግ በጥር 2002፣ ዎርልድኮም በሐምሌ 2002።

ኮርኒንግ በ2001 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ላይ ለገዛቸው ኮምፖነንት ድርጅቶች ከከፈለው ውስጥ 4.8 ቢሊዮን የሚሆነውን ያን ያህል አያወጣም ብሎ ከመዝገቡ ሰረዘ። ያኔ ከገዛቸው ገና ዓመት ቢሆን ነው። የዓመቱ ጠቅላላ ኪሳራ 5.5 ቢሊዮን ሆነ። የቴሌኮም ሽያጩ በ2000 ከነበረው 5 ቢሊዮን ተነስቶ በ2002 ወደ 1.6 ቢሊዮን ወረደ፣ በ2003 ደግሞ ወደ 1.4። ሼሩ በጥቅምት 2002 1 ዶላር ከሳንቲሞች ሆነ። ከ40 ሺህ በላይ የነበረው ሠራተኛ በ2003 መጨረሻ ግማሹ ብቻ ቀረ፣ ያውም መላው ኑሮዋ በዚህ ኩባንያ ላይ የቆመ ከተማ ውስጥ።

ጎረቤት ኩባንያ ለማየት ያህል፣ ኮምፖነንት ብቻ ይሠራ የነበረው ጄዲኤስ ዩኒፌዝ የባሰ ነው የገጠመው። ኤስዲኤል የሚባለውን የሌዘር አምራች በ41 ቢሊዮን ዶላር የሼር ውል እገዛለሁ ብሎ በ2000 ተፈራረመ፣ በሰኔ 2001 በዘጋው የበጀት ዓመት ደግሞ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ መዘገበ። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ታሪክ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ምን ተደረገ

ኩባንያው በሐምሌ 2001 ለባለ ሼሮች የሚከፍለውን ዲቪደንድ አቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፋይበር ፋብሪካዎቹን ለሳምንታት አቆማቸው፣ መጋዘኑ ሞልቶ ነበርና። በሚያዝያ 2002 ዋና ሥራ አስፈፃሚው ጡረታ ወጣ፣ ቀደም ሲል ኩባንያውን የመራው የመሥራቹ ቤተሰብ አባል ተመልሶ መሪውን ያዘ። እሱ ሲመጣ አሠራሩ ተለወጠ፣ መጀመሪያ ጥሬ ገንዘብ፣ ሁለተኛ ዕዳ፣ ትርፍ ከዚያ በኋላ ሆነ። በ2002 ክረምት 7 በመቶ የሚከፍልና በኋላ ወደ ሼር የሚቀየር ሰነድ ሸጠው 575 ሚሊዮን አገኙ፣ ሼሩ ወድቆ ሳለ ለነባሩ ባለ ሼር በጣም ውድ ገንዘብ ነው፣ ግን ሰጪ የተገኘለት እሱ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቲቪ ሌንስ ሥራቸውን ለስሪኤም በ850 ሚሊዮን ሸጡ፣ ደህና ትርፍ የሚያመጣ ሥራ ነበር፣ ዕዳ ለመክፈል ሲባል ሄደ።

የኮምፖነንቱ ክፍል በ2003 አቫኔክስ ለሚባል የካሊፎርኒያ ድርጅት ተሰጠ። ተሰጠ ያልኩት አውቄ ነው፣ ኮርኒንግ ከአቫኔክስ ሼር ተቀበለ እንጂ ብር አላገኘም፣ ጭራሽ ከላይ ጥሬ ገንዘብ ጨምሮ ነው ያስረከበው። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሊዮኖች የወጣበት ነገር ማለት ነው።

ፋይበሩን ግን አልሸጡም። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኮንኮርድ ላይ ያለውን ትልቅ አዲስ ፋብሪካ ዘግተው ማሽኑን እንዳለ አስቀመጡት፣ ሥራውን ዊልሚንግተን ወዳለው ሰበሰቡት። ምርምሩንም አልዘጉም፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ከሽያጫቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለምርምር ማውጣት ቀጥለዋል።

የሠራው

በእኔ እይታ ኩባንያውን ያተረፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱ ከመውደቁ በፊት የነበሩ ናቸው።

የመጀመሪያው በኅዳር 2000፣ ሼሩ ገና ውድ ሳለ፣ አዲስ ሼር በ71 ዶላር አካባቢ ሸጦ፣ ወለድ የማይከፈልበት ረጅም ቦንድም ጨምሮ፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ መሰብሰቡ ነው። ያኔ ለማስፋፊያ ተብሎ የተሰበሰበ ነበር፣ በኋላ የሞት ሽረት ቀለብ ሆነ። ይሄን ያላደረጉ ጎረቤቶቹ ባንክ ቤት ደጅ ሲጠኑ ነው የጠፉት።

ሁለተኛው ሌላ ሥራ መኖሩ። ማንም ትኩረት ያልሰጠው የኤልሲዲ ስክሪን መስታወት ሥራ ነበረው፣ ከ2003 ጀምሮ ዓለም ወደ ጠፍጣፋ ቲቪ ሲዞር እሱ ኩባንያውን ተሸከመው። ደግሞ ከፋይበሩ ተምረው ነበር፣ በ2004 የታይዋን ስክሪን አምራቾች ተጨማሪ መስታወት ሲጠይቁ ኮርኒንግ ፋብሪካ ከማስፋቱ በፊት ለወደፊት ግዢያቸው ቅድሚያ ገንዘብ እንዲያስይዙ አደረገ። የማስፋፊያውን ሸክም ለደንበኛው ማካፈል ማለት ነው። ከጠቅላላ ታሪኩ ይቺን ነው በጣም የምወዳት።

ሦስተኛው የፋይበሩን አቅም ሳይበትኑ ማቆየታቸው። በ2004 ቬራይዘን ፋይበርን እስከ ቤት ደጃፍ ማስገባት ሲጀምር አቅራቢ ሆነው የተገኙት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ሲገባ ፋይበሩ ጥግ ላይ መታጠፍ አለበት፣ ተራው ፋይበር ሲታጠፍ ደግሞ ብርሃን ያፈስሳል፣ ያልተዘጋው ምርምር በ2007 ሲታጠፍ የማያፈስሰውን ፋይበር ይዞ ወጣ። የተዘጋው የኮንኮርድ ፋብሪካም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሥራ ጀመረ።

ያልሠራው

ግዢዎቹ አልሠሩም። በሼር የተገዙት ቢያንስ ጥሬ ገንዘብ አላስወጡም፣ የፒሬሊው ግን በጥሬ ገንዘብ ስለነበር በቀጥታ ከካዝናው ወጣ። ቅነሳውም ቢሆን አንዴ ተቆርጦ ያለቀ አልነበረም፣ ገበያው በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይመለሳል እየተባለ ዙር በዙር ነበር የሚካሄደው፣ ይሄ ሠራተኛውን ከአንድ ትልቅ ቅነሳ በላይ የሚያደክም ይመስለኛል፣ ማን ነገ እንደሚቀር የሚያውቅ ሰው ስለሌለ። በ2004 እንኳ ተረጋጋ ሲባል የቴሌኮሙን ክፍል ዋጋ እንደገና ሰርዘው ሌላ የ2.2 ቢሊዮን ኪሳራ ዓመት አሳለፉ። ሙሉ ዓመት አትርፈው የዘጉት በ2005 ነው። በ2000 ጣራ ላይ የገዛ ሰው ደግሞ ያንን ዋጋ መልሶ ለማየት ከ20 ዓመት በላይ ጠብቋል፣ ኩባንያው ተርፎ፣ ፋይበሩም ዓለምን ሞልቶ።

ገበያው አሁን የት ነው

ያ ሁሉ ጨለማ ፋይበር ውሎ አድሮ በርቷል፣ ቪዲዮውም ክላውዱም በእሱ ላይ ነው የተሠራው፣ ትርፉን ግን ያዩት በርካሽ የገዙት ናቸው። ኮምፖነንት አምራቾቹ እየተጠቀለሉ ጥቂት ቀሩ። የአቫኔክስን መንገድ ብቻ ብትከተሉ ቡክሃም ከሚባል ሌላ አምራች ጋር ተዋሕዶ በ2009 ኦክላሮ ሆነ፣ ኦክላሮን በ2018 ሉመንተም ገዛው፣ ሉመንተም ራሱ በ2015 ከጄዲኤስ ዩኒፌዝ የወጣ ነው። ሌላውን ኮምፖነንት አምራች ፊኒሳርን በ2019 የገዛው ድርጅት ዛሬ ኮሄረንት ይባላል። ከቻይና ደግሞ ኢኖላይት በዳታ ሴንተር ትራንሲቨር (ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ሆኗል።

የኮርኒንግ የኦፕቲክስ ሽያጭ በ2022 ወደ 5 ቢሊዮን ደርሶ በ2023 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ። ምክንያቱን ስትሰሙ 2001ን ታስታውሳላችሁ፣ በኮቪድ ጊዜ ዕቃ ስለጠፋ ቴሌኮሞቹ አብዝተው አዘዙ፣ ከዚያ የከመሩትን እስኪጨርሱ መግዛት አቆሙ፣ ለገጠር ኢንተርኔት በ2021 ሕግ የተመደበው 42 ቢሊዮን ዶላርም ቶሎ መሬት አልነካም። ሰው ኢንተርኔት መጠቀም ቀንሶ አይደለም። በ2024 ዳታ ሴንተሩ ገፍቶት ተመልሶ ወደ 4.7 ቢሊዮን ወጣ። በነሐሴ 2024 ሉመን የሚባለው የአሜሪካ ቴሌኮም የኮርኒንግን ዓለም አቀፍ የፋይበር አቅም 10 በመቶ ለሁለት ዓመት አስቀድሞ ያዘ፣ ከዚያ በፊትም በ2017 ቬራይዘን ቢያንስ የ1.05 ቢሊዮን ግዢ በሦስት ዓመት ለመፈጸም ፈርሟል። እነዚህ ከ2000ዎቹ ትእዛዞች የሚለዩት ገዢው አስቀድሞ ታስሮ መገኘቱ ላይ ነው።

ከያኔው ጋር ሲተያይ ዛሬ የሚሻለው ዋናው ነገር የከፋዩ አቅም ነው፣ ማይክሮሶፍት፣ ጉግል፣ አማዞንና ሜታ ብዙውን የሚከፍሉት ከሚያገኙት ነው። ይሄ ግን እየተቀየረ ነው፣ ኦራክል በመስከረም 2025 የ18 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጧል፣ በዚያው ወር ኤንቪዲያ በራሱ ደንበኛ በኦፕን ኤአይ ላይ እስከ 100 ቢሊዮን ለማፍሰስ ማሰቡን አስታውቋል። ሻጭ ለገዢው ገንዘብ ሲሰጥ ሳይ እኔ ያሳስበኛል፣ 2000 ላይ የነበረው ዱቤም ሲጀምር ስሙ ዱቤ አልነበረም። ቴክኖሎጂውም እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ኤንቪዲያ በመጋቢት 2025 ኦፕቲክሱን ከቺፑ ጎን የሚያስቀምጥ ስዊች (ዳታ ሴንተር ውስጥ መረጃውን የሚያከፋፍል ማሽን) አሳይቷል፣ ኮርኒንግ፣ ሉመንተምና ኮሄረንት ከአቅራቢዎቹ ውስጥ ናቸው። ይሄ ከተስፋፋ ዛሬ ተሰክቶ የሚነቀለውን ትራንሲቨር ብቻ የሚሸጡት ላይ ጫና ይመጣል፣ ዲደብሊውዲኤም የፋይበሩን ገበያ እንደበላው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ትምህርት

ትራፊክ አደገ ሲባል ማን፣ በማን ገንዘብ፣ ስንት ገዝቶ፣ ስንቱን ሥራ ላይ አዋለ ብሎ መጠየቅ። የትራፊክ ቁጥርና የአምራች ሽያጭ ለዓመታት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ይለያያሉ፣ የሚለያቸውም መጋዘንና ብድር ነው።

ኮምፖነንትና ፋይበርን አንድ አድርጎ አለማየት። ኮምፖነንት ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድሞ ይወድቃል፣ ምርቱም በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀየር ትናንት ያሸነፈው ነገ ላያሸንፍ ይችላል። ፋይበር ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል፣ ለማምረት ከባድ ስለሆነ ተፎካካሪ በቀላሉ አይገባበትም፣ ግን ፋብሪካው ባዶ ሲሆን ወጪው አይቀንስም። ሁለቱን የያዘ ሰው ገንዘቤን አከፋፍያለሁ ብሎ እንዳይዘናጋ፣ በ2001 የተለያዩት በወራት ብቻ ነው።

ሌላ ሥራ ያለውና የሌለውን መለየት። ኮርኒንግን የስክሪን መስታወት አወጣው፣ ጄዲኤስ ዩኒፌዝ ጋ ይሄን ያህል የሚሸከም ነገር አልነበረም፣ ከ29 ሺህ ሠራተኛ ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ። አሁንም አንድ ሁለት የዳታ ሴንተር ደንበኛ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኮምፖነንት አምራች ስታዩ ሽያጩ በዓመት እጥፍ ቢሆንም እንኳ ደንበኛው ለአንድ ሩብ ዓመት ቢቆም ምን እንደሚተርፈው አስሉ።

ሪፖርት ማንበብ ለማይወዱ ወገኖች ሦስት ቦታ ብቻ ልጠቁም፣ እንግሊዝኛው ቢከብድ ልጆቻችሁን አስነብቡ። መጀመሪያ የመጋዘን ዕቃው ከሽያጩ ቀድሞ እያደገ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቀጥሎ ከደንበኛ ገና ያልተሰበሰበውን ሂሳብ እዩ፣ ሽያጩ እያማረ ገንዘቡ ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ አንድ ሰው በዱቤ እየወሰደ ነው። ከዚያ ከ10 በመቶ በላይ የሚገዛ ደንበኛ ስንት እንዳለ የሚነግረውን ክፍል ፈልጉ፣ ኩባንያዎቹ ይሄን በየዓመቱ ሪፖርት ላይ እንዲገልጹ ይገደዳሉ። ፋብሪካ እያስፋፉ ከሆነ ደግሞ ማስፋፊያውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ፈልጉ፣ ደንበኛው አስቀድሞ ገንዘብ ካስያዘ ወይም ቢያንስ ይሄን ያህል እገዛለሁ ብሎ በውል ከታሰረ አንድ ነገር ነው፣ ፍላጎቱ ይመጣል ተብሎ በራስ ዕዳ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ነው፣ ይሄኛው ሼር ላይ የልጆች ትምህርት ብር አይገባም።